ድሮን የሚሠራ ልጅ ያላችሁ፣ ይህን ባለሙያ ያዙት

እግዜር ይስጠው! ታናሽ ወንድሜ አምስት ኪሎ ነው የሚማረው፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ድሮን ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲሞክረው፣ ገና ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ ሞተሮቹን የሚያዘው ቦርድ ይቃጠላል።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ «አራቱም ሞተር ሞቷል» ተባልን። ቀየርን፤ ቦርዱ ዳግም ተቃጠለ። ሌላው ጋ ደግሞ «ነገ ና» እያሉ አመላልሰውት፣ መጨረሻ ላይ ብሎኑ የጎደለ ድሮን አስታቀፉት። ገንዘቡ ይቅር። «ችግሩ አንተው ነህ» ብለው የልጁን ሞራል መስበራቸው ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለሙያው ዕቃውን ሳይነካ «በምንድን ነው የምትሞክረው?» አለው። «በፓወር ሰፕላይ» አለ ወንድሜ፤ በባትሪ ፋንታ ከግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዕቃ ነው። «በቃ፣ ሞተሮችህ ደህና ናቸው» አለ።

ከዚያ የያዘውን ሥራ አስቀምጦ አስረዳን። የሞተሩን ሦስት ሽቦዎች ለያይቶ «እህቴ፣ እስቲ በጣትሽ አሽከርክሪው» አለኝ። ቀለል ብሎ ዞረ። ሦስቱን ጫፍ አንድ ላይ ገጥሞ «አሁንስ?» አለኝ። ግትር አለብኝ! ባትሪ አልተሰካ፣ ምን አልተሰካ።

ለካ ሞተር ሲዞር ራሱ ጄኔሬተር ነው። ፍጥነት ሲቀነስ ቦርዱ ፍሬን ያስይዘዋል፤ የሽክርክሪቱ ጉልበት ኤሌክትሪክ ሆኖ ወደ መጣበት ይመለሳል። ባትሪ ይቀበለዋል። ፓወር ሰፕላይ ግን አብዛኛው መስጠት እንጂ መቀበል አይችልም። መሄጃ ሲያጣ ቮልቱ ይወጣና ቦርዱን ይበላዋል። ከዚህ ያለፈው የገባው ለወንድሜ ነው።

«ታዲያ ባትሪው ብዙ ያቆይልኛል?» ብሎ ጠየቀው። «ከእንጦጦ ቁልቁል እንደምትወርድ የኤሌክትሪክ መኪና አትቁጠራት» አለው። ተመላሹ ትንሽ ነው፤ ጉልበቱን የሚጨርሰው አየሩ ነው። የፍሬኑ ዋና ጥቅም ድሮኑ ትእዛዝ ቶሎ እንዲሰማ ነው። ዋሽቶ ዕቃ ሊሸጥልን ይችል ነበር እኮ!

አዲስ ቦርድ ገጠመለት፣ የባትሪው ሽቦ ሥር ባለ 35 ቮልት ካፓሲተር በየደ። የቮልቱን ዝላይ ይውጣል አለን። የጣልናቸውን የድሮ ሞተሮችም አስመጥቶ ፈተሻቸው። አራቱም ደህና! ለዚያ ሁሉ ማስረዳት አንድ ብር አልጠየቀንም።

ድሮኑ በሯል። ወንድሜም ፊቱ በርቷል። እባካችሁ ሌላ ቦታ ሳትቃጠሉ እሱ ጋ ሂዱ። ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ጠዋት ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ወረፋ አለው። ባትሪያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።