ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ካፖርት ጀርመን በረዶ ላይ

ጥር ላይ ወደ ፈረንጅ አገር የምትሄዱ ልጆች "ምን ልልበስ?" እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ካፖርቱን የገዛሁት እዚሁ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሰልባጅ ከሚሸጥበት ነው። ሻጩ 3,500 ብር አለኝ። "ወንድማለም፣ ይሄ እኮ የሽማግሌ ልብስ ነው" ስለው ሳቀ። በ2,200 ተስማማን። ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከጉልበት ይወርዳል፤ ከኋላው ከትከሻ ጀምሮ ጥልቅ ሽንሽን አለው። እህቴ ስታየኝ "የጫካ ጠባቂ መሰልክ" አለችኝ። የሰልባጅ ሽታ ታውቁታላችሁ፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሰቅዬው እንኳ ጨርሶ አልለቀቀም።

አንገቱ ጋ ያለው ምልክት ላይ "ሎደን" ይላል። ፈልጌ አነበብኩ። ሎደን በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን የተራራ ሰዎች ሲለብሱት የኖሩት የሱፍ ጨርቅ ነው። ከተሸመነ በኋላ በሙቅ ውሃ እየታሸ እንዲኮማተር ይደረጋል። ያኔ ክሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ድድር ይላል፣ ንፋስም ውሃም ቶሎ አያስገባም። በርኖስ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እንግዲህ ይሄ ልብስ ከዚያ አገር ተጠቅልሎ ቅዳሜ ገበያ ደርሷል፣ እኔ ደግሞ ለአስር ቀን ሥልጠና ለብሼ ወደ አገሩ መለስኩት ማለት ነው።

ደባርቅ አድራችሁ የምታውቁ ብርድ እናውቃለን ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ግን የደባርቅ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅሃል። እዚያ ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ብርዱ ንቅንቅ አይልም። በረዶውም የኛ ዓይነት አይደለም። የኛው ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ሰው አስደንግጦ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይቀልጣል። ያኛው ድምፅ የለውም። ማታ ስተኛ ምንም አልነበረም፣ ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ መኪናው ሁሉ ባዘቶ የተከመረበት መስሏል። ያ ቀን የመመለሻዬ ቀን ነበር። ጥር 9። ለከተራ ቤቴ እገባለሁ ብዬ ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ።

ባቡሩ ዘገየ፣ ከዚያ ተሰረዘ፣ ከዚያ ሌላ ይመጣል ተባለ። ክፍት ጣቢያ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆሜያለሁ። የካፖርቱ ዋና ፈተና ይሄ ነበር፣ አለፈም። በረዶው ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ፣ ሳራግፈው ወደቀ፣ ውስጤ አልረጠበም። አጠገቤ የነበረው ልጅ ቀጭን ጃኬት ለብሶ ይንዘፈዘፍ ነበር። እኔን የጎዳኝ እግሬ ነው። ጫማዬ ሶሉ ልሙጥ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ አንዴ ተቀምጫለሁ። ጣቶቼም ቆፈን ይዟቸው ስልኬን መክፈት አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ ካፖርት ገዝታችሁ ጓንትና ጎርበጥ ያለ ሶል ያለው ጫማ ካልገዛችሁ ሥራው ግማሽ ነው።

ኤርፖርት ስደርስ ፓስፖርት ቁጥጥሩን አልፌ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ የማየው ነገር በጣም ገረመኝ። ክንድ ያለው መኪና አውሮፕላኑን ያጥበዋል፤ ትኩስ ውሃና ግላይኮል (ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚያደርግ ፈሳሽ) ነው፣ ብርቱካንማ። ክንፍ ላይ በረዶ ካለ አየሩ በክንፉ ላይ በትክክል አያልፍም፣ አውሮፕላኑ መነሳት ይቸግረዋል። የተረጨው ደግሞ የሚከላከለው ለተወሰነ ደቂቃ ብቻ ነው። ወረፋ ላይ ከቆየ እንደገና መታጠብ አለበት። የኛ ፊት ያለው ሁለት ጊዜ ሲታጠብ እያየሁ ነበር። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የኛ በረራ በቀይ መጣ። ተሰርዟል።

በረዶውን ማንም አልላከውም፣ በዚያ አልናደድም። የተናደድኩት በአየር መንገዱ አያያዝ ነው (የነሱው አገር አየር መንገድ ነው፣ የኛ አይደለም)። ሦስት ሰዓት ተሰልፈን የተሰጠን ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነው። ቁጥሩን ማንም አያነሳም። የበሰለ መንገደኛ ባይነግረኝ ኖሮ መብቴን አላውቅም ነበር። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ሲሰረዝ ምግብና ማደሪያ መስጠት ግዴታቸው ነው፣ ምክንያቱ የአየር ሁኔታ ቢሆንም። ሕጉ ቁጥር 261/2004 ነው። ከ250 እስከ 600 ዩሮ የሚባለው ካሳ ግን ለበረዶ አይከፈልም፣ እሱን አትጠብቁ። የሕጉን ቁጥር ጠቅሼ ስጠይቅ የምግብ ኩፖን ወዲያው ተገኘ! ሆቴል ግን ሞልቷል ተባለ።

አጠገቤ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ለመሸጋገር ብቻ ነው የመጣችው፣ የሸንገን ቪዛ የላትም፣ ስለዚህ ሆቴል ቢገኝ እንኳ ከኤርፖርቱ መውጣት አትችልም። ይሄን ልብ በሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ ነፃ የሚያደርገው ሌላ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለው፣ እዚያ አውሮፕላን ለመቀየር ራሱ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ እሱም ከውስጥ አያስወጣም። በክረምታቸው ስትጓዙ መሸጋገሪያችሁን ስትመርጡ ዋጋ ብቻ አትዩ።

ታጣፊ አልጋ አደሉን። እናቴ በግድ ያሸከመችኝን፣ የእጅ ሻንጣዬን ያጣበበብኝን፣ ስነጫነጭበት የነበረውን ጋቢ ለልጅቷ ሰጠኋት። እኔ ካፖርቱን ለብሼ ተኛሁ። እንደ ብርድ ልብስ ጥሩ ነው፣ አንገት ላይ ግን ይኮሰኩሳል። ጋቢ ወይስ ካፖርት ለምትሉኝ፣ ደረቅ ቤት ውስጥ ጋቢን የሚያህል የለም፣ ውጭ ግን ጥጥ ከረጠበ አለቀለት። ሱፍ እርጥብም ሆኖ ያሞቃል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። በማግስቱ፣ በከተራ ቀን፣ ትኬት ለማስቀየር ተሰልፌያለሁ። እህቴ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ቪዲዮ ልካልኝ እያየሁ ተራዬ ደረሰ። ፓስፖርት ስባል እጄን ወደ ኪሴ ብከት የለም። ሌላኛው ኪስ፣ የለም። ላብ አጠመቀኝ። የቀኝ ኪሱ ቀዳዳ ነው ለካ፣ ፓስፖርቴ በገበሩና በሱፉ መሃል ወርዶ ጉልበቴ ጋ ተንጠልጥሏል። በጠራራ ብርሃን፣ ከኋላዬ ሁለት መቶ ሰው ቆሞ፣ ካፖርቴን ዘቅዝቄ አራገፍኩ። ፓስፖርቴ ወደቀ፣ አብሮት አንድ ቡናማ፣ የደረቀ፣ የለሰለሰ ፍሬ። ከኋላዬ የነበሩ አሮጊት አንስተው ሰጡኝና የካፖርቱን ክንድ ዳበስ አድርገው "ሎደን!" አሉ። ፍሬዋን ባላቸውም ኪሳቸው ውስጥ ይይዙ እንደነበር ነገሩኝ፣ ለቁርጥማት ይረዳል ብለው። ካፖርቱን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ ግን ጎንደር ብዬ ማስረዳቱ ከበደኝ።

ለሚካኤል ደረስኩ። አዘዞ ስወርድ ካፖርቱ ሙቀት ሆነብኝና ክንዴ ላይ ጣልኩት። ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ነበረበት፣ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ነው፤ በብሩሽ ለቀቀ። ሙቅ ውሃ እንዳታስነኩት፣ ይኮማተርባችኋል። ኪሱን ልብስ ሰፊ ጠገነልኝ፣ ፍሬዋ ግራ ኪስ ውስጥ ናት። ከ10 ስንት ካላችሁኝ 8። አንዱን ለኪሱ ነው የቀነስኩ፣ አንዱን ለአንገቱ።

ባለፈው ቅዳሜ ሻጩን አግኝቼ ሁሉንም ነገርኩት። ከጣሪያ በላይ ሳቀና "ታዲያ ያኔ 3,500 ያልኩህ ለዚህ አይደል? ልዩነቱን አምጣ" አለኝ።