ለመስኮት ደፍ የገዛሁት የውጭ ቫርኒሽ ክረምቱን እንዴት ከረመ

ከደሴ ፒያሳ ቀለም መሸጫ የገዛሁትን የውጭ እንጨት ቫርኒሽ የቀባሁት አምና ኅዳር ላይ ነው፤ በጦሳ ተራራ በኩል ባለው የሳሎናችን መስኮት ደፍ ላይ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በንፋስ እየተገፋ ፊት ለፊት የሚመታው እሱን ነው። አሁን መስከረም ላይ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ሳይሰርግ ድብልብል ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ግዙት፣ ገንዘቡን ያወጣል።

ለቤት ውስጥ ከሚሸጠው ጋር ቆርቆሮው ስለሚመሳሰል እንዳታምታቱት። የውስጡ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል። እንጨት ደግሞ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያ ደረቅ ሽፋን አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይልጠዋል። የውጩ ይለጠጣል፣ የፀሐይ ጨረር መከላከያም አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ብርድ ብትመስልም እንጨት ታገረጣለች።

ድካሙ ያለው ከመቀባቱ በፊት ነው። አሮጌውን ቀለም በቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት አንስቼ፣ በ120 አስተካክዬ፣ በ180 አለሰለስኩት። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ውሃ እያስነካሁ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ልጆቹን አርቄ ነው የፈገፈግኩት። ከዚያ ደፉን በወስፌ ወጋ ወጋ አደረግኩት፤ ወስፌው ሰተት ብሎ ከገባ እንጨቱ በስብሷል፣ ቫርኒሽ አያድነውም። የእኛ ዋንዛ ስለሆነ ደህና ነበር። የሰፈራችን አናጺ አይተው «የኔ ልጅ፣ ጫፍና ጫፉን ደጋግመሽ አጠጪው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንጨት ውሃ የሚስበው ከሁሉ በላይ በተቆረጠበት በኩል ነው። የመጀመሪያውን ዙር በማቅጠኛ አቅጥኜ፣ ሲደርቅ በስሱ እየፈገፈግኩ ደረብኩበት።

የማልወድለት፣ በደሴ ብርድ በጣም ይዘገያል። ጭጋግ ባለበት ቀን ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አትመኑ፤ በጣት ነክታችሁ የሚጣበቅ ከሆነ አትደርቡ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ዘንድ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ በእኩለ ቀን ሐሩር ከላይ ቶሎ ይይዝና ከሥር ሳይደርቅ ይኮማተራል። እሷ በማለዳ ትቅባ።

የጓዳውን መስኮት የተልባ ዘይት ነው የቀባሁት። አይላጥም፣ ለማደስም ቀላል ነው፤ ግን በየዓመቱ ይፈልጋል፣ ጥሬው ዘይትም ቶሎ አይደርቅም። አደራ፣ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊነሳ ይችላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትገዙ እዩ፦ ደፉ ወደ ውጭ ካላዘነበለ፣ ከሥሩም ውሃውን ቆርጦ የሚያንጠባጥብ ቦይ ከሌለው፣ ውሃው ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። መጀመሪያ አናጺ ጥሩና ያንን ያውጣላችሁ።