ስልኩ ይቅር፣ ድምፁን ብቻ አውጡልኝ

መገናኛ፣ አንድ የገበያ ህንጻ ፎቅ ላይ ስላለ ስልክ ጥገና ቤት ልጽፍ ነው። ጠባብ ነው፣ መቀመጫ የለውም፣ ግን ውለታው አለብኝ።

እጮኛዬ ካረፈ አስር ወር ሆኖታል። ድምፁ የቀረኝ አሮጌ ሳምሰንጌ ላይ ነው። ባለፈው ወር ልብስ ሳጥብ ከኪሴ ሾልኮ ሳሙና ውሃ ውስጥ ገባ። ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት። ማታ አላስችል ብሎኝ ቻርጅ ላይ ሰካሁትና ጭራሽ ድርግም አለ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ገልበጥ አድርጎ አየውና "ይሄማ ሞቷል፣ ጨምረሽ ሌላ ውሰጂ" አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የመገናኛው ልጅ ግን በመጀመሪያ የጠየቀኝ "እህቴ፣ የምትፈልጊው ስልኩን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን?" ብሎ ነው። ከዚያ አስረዳኝ። ቴሌግራም ላይ የተላላካችሁት በቁጥርሽ ስትገቢ ይመለሳል፣ ስልኩ ራሱ ላይ የተቀዳው ግን ሌላ ቦታ የለም አለኝ። ፋይሉ ከቦርዱ ጋር ስለተቆለፈ ሚሞሪውን ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ መትከልም አይሠራም፤ ያው ቦርድ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ መነሳት አለበት። ማይክሮስኮፑን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። ቻርጅ መሰኪያው አጠገብ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። ሩዙ ምንም እንዳልጠቀመ፣ የጎዳው እርጥብ እያለ መሰካቴ እንደሆነ ሳይቆጣ ነገረኝ። "ቃል አልገባልሽም፣ ካልወጣ ግን አትከፍዪም።"

ሦስት ቀን ብሎኝ አምስት ቀን ፈጀ፣ ስደውልም አያነሳም ነበር። ያ ቅር ብሎኛል፤ እንደኔ ጨንቆት ለሚጠብቅ ሰው አንድ መልእክት ትልቅ ነገር ነው። የከፈልኩት 3,000 ብር ነው።

ስልኩ ሲነሳ ፋይሉን ራሱ አልከፈተውም። ማዳመጫ ሰጠኝና ፊቱን ወደ ሥራው አዞረ። 19 ሰከንድ ነው። የታክሲ ረዳቱ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" እያለ ይጮሃል፣ እጮኛዬ ደግሞ "ደረስኩ፣ ዳቦ ልያዝ?" ይለኛል። በቃ ይኸው ነው።

እናቴ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጥቁሩንም ስልኩንም አስቀምጪ ትለኛለች። ለኔ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን አሁንም ሳልሰማው እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ዳቦ ቤት በር ላይ ሳልፍ እግሬ ይያዛል፣ መቼ እንደሚለቀኝም እንጃ።

እናንተም እንዲህ ያለ ድምፅ ካላችሁ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ውሃ ከነካውም አጥፉት፣ ቻርጅ አትሰኩ፣ ቶሎ ውሰዱት።

ልጁ ሳልጠይቀው በሁለት ፍላሽ ገልብጦ ነው የሰጠኝ። አንዱን ለእጮኛዬ እናት ወሰድኩላቸው። እስካሁን አልሰሙትም። መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል።