ለተመረጡት ድጎማ ወይስ ለሁሉም ነጻ ትምህርት?

ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1994 በገጠር ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች በዘረጋችው የድጎማ መርሐ ግብር 75 በመቶ የትምህርት ክትትልን፣ 45 በመቶ የፈተና ውጤትንና ሳያገቡ መቆየትን በቅድመ ሁኔታነት ስላስቀመጠች፣ ገንዘቡ የትምህርት ክፍያን ከመሸፈን ባሻገር ያለዕድሜ ጋብቻንም ለማዘግየት የታለመ ነበር። ጋና በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ክፍያ ከአዲስ ገቢ ተማሪዎች ጀምሮ ለሁሉም አነሣች፤ ማንም ድህነቱን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ አልተጠየቀም (ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም)፤ ነገር ግን የተማሪው ቁጥር ከክፍሎቹ አቅም በላይ በመሆኑ በቀጣዩ ዓመት በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው በየተራ መማር ጀመሩ።

በጀቱ ጠባብ ለሆነ መንግሥት የመጀመሪያው መንገድ የተሻለ ይመስለኛል፤ ሆኖም ተጠቃሚዎቹ የሚለዩበት መስፈርት በይፋ ካልታወቀ፣ ድጎማው ከተቸገረው ተማሪ ይልቅ ባለሥልጣን ለሚያውቅ ቤተሰብ ሊደርስ ይችላል።