የአምስተኛ ክፍል የቤት ሥራ፦ ዕቅዱ አንደኛ፣ እርማቱ የለም

ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ትማራለች። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ግን ልጅ ለማስመዝገብ እየዞራችሁ ያላችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ በከፈላችሁት ብር አንድ ሳምንት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

የወደድኩትን ላስቀድም። እሁድ ማታ የክፍል ኃላፊዋ የሳምንቱን ዕቅድ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ትለቃለች። የትኛው ቀን ምን እንደሚማሩ፣ ከመጽሐፉ ስንተኛው ገጽ እንደሆነ፣ የትኛው የቤት ሥራ መቼ እንደሚሰበሰብ፣ አርብ በምን እንደሚፈተኑ ሁሉም አለበት። "ዛሬ ምን ተሰጣችሁ?" ሲባል "ምንም" ብሎ ማምለጥ ቀረ። ኮሙኒኬሽን ቡኩም በየቀኑ ይመጣል፣ እንፈርማለን።

ብዛቱም አይከፋም። ሰርቪሱ ቤት የሚያደርሳት 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገድ ከተዘጋጋ ደግሞ 12 ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም መክሰሷን በልታ ከተቀመጠች ሰኞና ማክሰኞ እራት ሳይቀርብ ትጨርሳለች። አፋን ኦሮሞ ያለ ቀን እኔም አባቷም ስለማንችል ደብተሯን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች። ጎረቤታችንም ደስ ይላታል፣ ቡና ካፈላች እኔም እከተላለሁ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የአማርኛው ነው። "አያቶቻችሁን እንቆቅልሽ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ" ተባሉ። እናቴ ጋ ስልክ ተደውሎ "እንቆቅልህ" "ምን አውቅልህ" ሲባባሉ አመሹ፣ "አገር ስጪኝ" ላይ ሲደርሱማ አያት ጎንደርን አልሰጥም ብላ ክርክር ሆነ። እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ያወጣችው ሚስ ትባረክ።

አሁን ወደ ሒሳብ። እዚህ ላይ ነው ኮከብ የምቀንሰው።

ክፍልፋይ እየተማሩ ነው። ወርክሺቱ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ያኔ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዘግቷል፣ ስለዚህ ልጅቷ ከስልክ እያየች ገጽ ሙሉ ጥያቄ በእጇ ትገለብጣለች። ይሁን። 2/3 ሲደመር 1/4 የሚል ጥያቄ አለ፤ ልጄ 3/7 ብላለች። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ ማለት ነው። አምስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይህን ቢሳሳት አይገርምም፣ ሁሉም ልጅ የሚያልፍበት ነው። 3/7 እኮ ከ2/3 ያንሳል፣ ተደምሮ እንዴት አነሰ ብሎ አንድ ጊዜ የጠየቃት ሰው ቢኖር ይገባት ነበር። የጋራ ብዜቱ 12 ነው፣ 8/12 እና 3/12፣ መልሱ 11/12። አለቀ።

የጠየቃት ግን የለም። ገጹ በሙሉ በዚሁ ስህተት ተሠርቶ፣ ከታች በቀይ አንድ ራይት እና "ታይቷል" ተብሎ መጣ። ምኑ ነው የታየው? አርብ ተፈተነች፣ ያው ስህተት ተደገመ፣ አሁን ኤክስ ሆነ። ልጅቷም ግራ ገብቷት "ደብተሬ ላይ እኮ ራይት ነበር" አለችኝ፣ ምን ልበላት?

ሄጄ አነጋገርኳቸው። የሒሳብ ሚሷ ትሁት ናት፣ ብዙ ሴክሽን ይዛለች፣ የዚያን ሁሉ ልጅ ደብተር በየቀኑ ማረም እንደማይቻል ይገባኛል። ታዲያ አምስት ጥያቄ ብቻ ስጡና በነጋታው ሰሌዳ ላይ አብራችሁ እረሙት አልኩ። ከቢሮ ያገኘሁት መልስ "አስጠኚ ቢኖራት ጥሩ ነበር" የሚል ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍዬ፣ የትምህርት ቤቱን ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ በራሴ ልቅጠር? በሚቀጥለው ዓመት ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቃታል፣ ክፍልፋይ ያልያዘ ልጅ ፐርሰንትም ሬሾም አይገባውም።

ከአምስት ሦስት ኮከብ። ሁለቱ ለዕቅዱ፣ አንዱ ለአማርኛዋ ሚስ።

ምዝገባ ላይ ግቢውን፣ ላይብረሪውንና ኮምፒውተር ክፍሉን ያስጎበኟችኋል። እናንተ ግን የአንድ አምስተኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ደብተር አሳዩን በሉ። የተሳሳተ መልስ ፈልጉና አጠገቡ ምን እንደተጻፈ እዩ።