ትንሽና ርካሽ እንጨት ይዛችሁ ለምትንከራተቱ፦ አንድ አናጺ ልጠቁማችሁ

እንዲህ ዓይነት ጽሁፍ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ሰው ሲያመሰግን አነባለሁ፣ ላይክ አደርጋለሁ፣ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ለልጄ የማጥኛ ጠረጴዛ የሠሩልኝን አናጺ ላመሰግን ነው። ያውም ሌላው ሁሉ "ይሄማ እንጨት አይባልም" ካለው እንጨት!

ቤት ስናሳድስ የተረፈ ጣውላ ነበረን። ሲሚንቶ ሲሞላ ዙሪያውን የሚያዝበት፣ ለስላሳውና ርካሹ እንጨት። አራት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ገደማ፣ ከነሱ ሌላ ጥቂት ቁርጥራጭ። ሲሚንቶ የደረቀበት አለ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ አለ፣ አንዱ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ልጄ ደግሞ ትምህርት ጀምራ የቤት ሥራዋን መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር የምትሠራው። አዲስ ጠረጴዛ የመግዛት አቅም አልነበረንም፣ ምን እደብቃለሁ። እንጨቱ ካለ የእጅ ዋጋ ከፍለን እናሠራላታ አልን።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ሰውየው እንጨቱን ሳያይ "ይሄ ለማገዶ ነው" አለኝ። ሳያይ ስላችሁ፣ ከመኪናው ላይ እንኳን አላወረደውም። "እኔ ጋ ደህና ጣውላ አለ፣ እሱን ግዢና እሠራልሻለሁ።" የመግዣውማ ገንዘብ ቢኖረኝ አንተ ጋ ምን አመጣኝ?

ሌላው ይባስ። ቀብድ ተቀበለ፣ እንጨቱን ተቀበለ፣ ከዚያ የቀጠሮ ናዳ ተጀመረ። ነገ ነይ። ማሽኑ ተበላሽቷል። ልጁ አልገባም። ከነገ ወዲያ ነይ። በኋላማ ስልክ ማንሳትም ተወ። ሄጄ ስቆምበት ከአራቱ ጣውላዎቼ አንዱ መሀል ለመሀል ለሁለት ተቆርጦ ጥግ ላይ ተጥሏል። ምንድነው ይሄ ስለው "መሞከሪያ" አለኝ። የሰው እንጨት ላይ ምን ይሞከራል? ያለኝ ይኸው ብቻ ሆኖ! ቀብዴን መልስ ስለው ደግሞ "ጉልበቴስ?" ብሎኝ እርፍ። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራው ነው። ግን ያን ቀን የተቆረጠ እንጨቴን ተሸክሜ ስወጣ እንባዬ መጥቶ ነበር። የጠረጴዛ ጉዳይ አይምሰላችሁ። ሰው ሲንቅ ያስታውቃል። ርካሽ እንጨት ይዞ የመጣ ሰው እሱም ርካሽ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ስለነበር "ተይ፣ ሁሉም አንድ ናቸው" ብያት ነበር። እሷ ናት ጎትታ የወሰደችኝ፣ እሷንም አመሰግናለሁ።

ጋሼ (ስማቸውን እዚህ እንድጽፍ አልፈቀዱልኝም) ገና ሳልጨርስ "አውርጂውና እንየዋ የኔ ልጅ" አሉ። በቃ፣ እዚያው ነው የወደድኳቸው። አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደሩት። እያንዳንዱን ጣውላ እያነሱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በጠርዙ በኩል ከዚህ እስከዚያ ያያሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ማግኔት አወጡ። ማግኔት! ጣውላው ላይ ቀስ እያደረጉ ሲያሳልፉት አንድ ቦታ ጠቅ ብሎ ተያዘ። ሲሚንቶውን ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት የዛገ ምስማር ውስጥ ተቀብሮ ቁጭ ብሏል፣ አናቱ እንኳን አይታይም። "ይቺን መጋዙ ቢያገኛት ጥርሱን ታረግፈው ነበር" አሉና በጉጠት ነቅለው አሳዩኝ። ያ "መሞከሪያ" ያለኝ ሰውዬ ይሄን ቢያደርግ ምን ነበረበት?

አንደኛውን ጣውላ ሲያነሱ ደግሞ መለስ ብለው ከሌላው ጋር በእጃቸው መዘኑት። "ይሄ ገና እርጥብ ነው። አሁን ብሠራው ደርቆ ይጠባል፣ ይሰነጠቃል፣ ያኔ እኔን ነው የምትረግሚው" አሉኝ። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሁለቱም ወገን እንዲያገኘው ከሥሩ እንጨት አስገብተው አጋደሙት። ቆይ ተባልኩ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ "ቆይ" የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ ሆዴን ያመኛል። የሳቸው "ቆይ" ግን ምክንያት ነበረው፣ ቀንም ነበረው። ያሉት ቀን ሲደርስ እኔ ሳልደውል እሳቸው ደወሉ። ደወሉ እኮ!

ቀብድም አልጠየቁኝም። "ሲያልቅ አይተሽ ትከፍያለሽ" ነው ያሉት።

ከመቁረጣቸው በፊት ካርቶን ላይ በእርሳስ ጣውላዎቹን በሙሉ ሳሉ። ከየትኛው ምን እንደሚወጣ እያንዳንዱን ቁራጭ ውስጡ ከፋፈሉት። ቀጥ ያለውና ጤነኛው ለእግር፣ ፊቱ የሚያምረው ለላይ፣ አንጓ የበዛበት ደግሞ ለማይታየው ቦታ። እንጨት ሲያንስ ሥራው ያለው ካርቶኑ ላይ ነው አሉ። መጋዝ ራሱ ይበላል ለካ፣ በአንድ ቁርጥ እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፣ እሱንም ደምረውታል። ያ ሰውዬ ለሁለት የከፈለውን ጣውላ ምን እንዳደረጉት ልንገራችሁ? ከላዩ ሥር እግሮቹን ዙሪያውን የሚያያይዘው ክፈፍ አለ አይደል፣ ለእሱ ዋለ። "እንዲያውም ድካም ቀነሰልኝ" ብለው ሳቁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የእግሩ ነገር ግን አስጨንቆኝ ነበር። ወፍራም እንጨት የለኝም፣ ያለው ስስ ጣውላ ብቻ ነው፣ በዚህ ምን እግር ይሆናል? እሳቸው ጣውላውን በቁመቱ ሰንጥቀው ሁለት ሁለቱን በማዕዘን አጋጠሟቸው፣ በኮላና በብሎን። ከውጭ ስታዩት ወፍራም እግር ይመስላል፣ በውስጥ በኩል ባዶ ነው። ተደገፍኩበት፣ ንቅንቅ የለም። ጠረጴዛው አልቆ ወለል ላይ ሲያቆሙት ደግሞ በአራቱም ማዕዘን በመዳፋቸው ተራ በተራ ተጫኑት፣ አንዱ እግር በጣም ትንሽ ረዝሞ ኖሮ እዚያው በብርጭቆ ወረቀት አስተካከሉት። እኔ ብሆን ወረቀት አጥፌ ከሥሩ ሸጉጬ እተወው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለዚህ ስል ነው በእውነት ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

ቁመቱ ስንት ይሁን ሲሉኝ እኔ እንጃ፣ እንደ ማንኛውም ጠረጴዛ አልኳቸው። "የትልቅ ሰው ጠረጴዛ 75 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የሚቀመጠው ማነው?" አሉ። ልጄ ናት ስላቸው "እንግዲያው እሷን አምጫት፣ የምትቀመጥበትንም ወንበር" አሉኝ። ለርካሽ ጠረጴዛ ልኬት! ወሰድኳት። ወንበሯን አስቀምጠው "ነይ እስቲ ሚጣዬ፣ እዚህ ቁጭ በይ። እግርሽ መሬት ነክቷል? አሁን ክርንሽን እጠፊ፣ እንደምትጽፊ ሁኚ" አሏት። ተንበርክከው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከመሬት እስከ ክርኗ በሜትር ለኩ። "58" ብለው ካርቶኑ ላይ ጻፉ። ከዚያ እሷኑ "ግራሽ ነው ቀኝሽ የምትጽፊበት?" ብለው ጠየቋት፣ መብራቱን በየት በኩል እንደማደርግላት ሊነግሩኝ። ልጄ ዓይን አፋር ናት፣ ለእንግዳ ሰው ድምጿን አታሰማም። ለሳቸው ግን መለሰች። እንዲያውም "መሳቢያ አለው?" ብላ ጠየቀች! እንጨቱ ስለማይበቃ መሳቢያ እንደማይኖረው እንደ ትልቅ ሰው ቆጥረው ካርቶኑን እያሳዩ አስረዷት። ገባት፣ አላለቀሰችም።

እኔ ልጅ እያለሁ የቤት ሥራዬን የምሠራው የእናቴ የስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ያውም መኪናው ሥራ ሲፈታ ብቻ። ሥራ ካለ እጠብቃለሁ፣ አንዳንዴ ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። እናቴ ምን ታድርግ፣ እንጀራችን እሱ ነው። ለእኔ ተብሎ የተለካ ነገር ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ያ ሜትር ክርኗ ላይ ሲያርፍ ምን እንደተሰማኝ እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ አላብራራም።

ሌላም ብዙ ነገር ነግረውኛል፣ ግማሹ አልገባኝም። የላይኛውን ጣውላ ከሥር የያዘው ብሎን ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። ለምን ስላቸው እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፣ ርዝመቱ ግን ይህን ያህል አይለወጥም፣ መላወሻ ካልተውንለት ራሱን ይሰነጥቃል አሉ። እሺ አልኩ። ቫርኒሹንም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ቀቡት፣ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል ተብያለሁ። ማን ያየዋል ብዬ ነበር፣ ለካ ለማየት አይደለም። ማዕዘኖቹን ደግሞ ሳልጠይቃቸው ክብ አድርገው ሞረዱልኝ፣ ልጅ ትሮጣለች ብለው።

ወርዱ 50፣ ርዝመቱ 80 ሴንቲሜትር የሆነ ጠረጴዛ ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው። አንጓዎቹ ይታያሉ፣ ምስማሩ የነበረበት ቀዳዳም በጥንቃቄ ተደፍኖ በቅርብ ለሚያይ ይታወቃል። ለስላሳ እንጨት ስለሆነ እርሳስ አጥብቃ ስትጽፍበት ወረቀቱን አልፎ ምልክት ይወጣል፣ ይህንንም አስቀድመው ነግረውኛል። ምንም አልደበቁኝም። ዋጋውም መጀመሪያ ያሉት ነው፣ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም።

ልንወጣ ስንል የተረፈውን ቁርጥራጭ በገመድ አስረው ሰጡኝ። "የአንቺ ነው" አሉ። ከውስጡ አራት ረዘም ያሉ ቁራጮች ለይተው በእርሳስ ምልክት አድርገውባቸዋል። ልጅቷ ስታድግ እነሱን ከእግሮቹ ውስጥ፣ በዚያ ባዶ ማዕዘን በኩል በብሎን አስገብቶ ቁመቱን መጨመር ይቻላል። እኔ ስለ ዘንድሮ የቤት ሥራ ነበር የማስበው፣ እሳቸው የልጄን እድገት አስበዋል። ምን ልበላችሁ? እጅዎ ይባረክ ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እና ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ጥግ የቆመ ጣውላ ካለ አትጣሉት፣ ለማገዶም አትስጡት። አያምርም ብላችሁ አትፈሩ፣ እሳቸው ጋ ይዛችሁ ሂዱ። የማይሆን ከሆነ አይሆንም ይሏችኋል፣ አያታልሏችሁም። በድጋሚ እላለሁ፣ ሂዱ! አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ፈጣን አይደሉም። ለነገ የሚፈልግ ሰው ይቅርበት። ቅርጻ ቅርጽ፣ አብረቅራቂ ነገር የምትፈልጉም ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እሱን አልሠራም ይላሉ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። የጠረጴዛውን ፎቶም እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የሚቀመጥበትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ወንበሩንም አትርሱ፣ አለዚያ ይመልሷችኋል።