ለታዛ ኮርኒስ፦ ችፑድ ወይስ ፒቪሲ?

8 በ10 ሜትር የሆነ፣ ዙሪያውን 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ታዛ ያለው ቤት እንውሰድ። ብዙ ሰው የግድግዳውን ዙሪያ፣ 36 ሜትሩን፣ በ0.60 አባዝቶ 21.6 ካሬ ይላል። አራቱ ማዕዘኖች ተረሱ! እያንዳንዳቸው 0.36 ካሬ ስለሆኑ ትክክለኛው 23.04 ነው። የጣሪያውን ጠርዝ ከፊት የሚሸፍነው ጣውላ፣ ፋሻ ቦርዱም የሚሰላው በጣሪያው ውጭ ጠርዝ፣ በ40.8 ሜትር ነው።

ችፑድ፣ ማለትም ከእንጨት ተጨምቆ የተሠራው ሰሌዳ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ሁለት ባለ 60 ቁራጭ ይወጣዋል፤ ብክነት የለውም ማለት ይቻላል። 8 ይበቃል፣ 9 ይገዛ።

25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው ፒቪሲ (የፕላስቲክ ኮርኒስ) ግድግዳውን ተከትሎ ከተዘረጋ ሦስት ረድፍ ይፈልጋል፤ ከሦስተኛው ከግማሽ በላዩ ይጣላል፣ 20 ፍሬም ይፈጃል። ከግድግዳ ወደ ውጭ፣ በ59 ሳንቲ ሜትር እየተቆረጠ ቢገጠም ግን ከአንዱ 10 ቁራጭ ስለሚወጣ 16 ይበቃል፤ ለማዕዘኖቹ 1 ይጨመር። በግድግዳውና በውጭው ጠርዝ የሚሄድ 77 ሜትር ያህል የጠርዝ ማስያዣም አለ፤ ዋጋ ሲወዳደር ሁሌ የሚዘነጋው እሱ ነው።

የችፑድ ጠላቱ ውሃ ነው። አሸንዳው ሞልቶ ወደ ውስጥ ሲመለስ የተቆረጠው ጠርዝ ውሃውን ይመጠዋል፣ ያብጣል፣ ከሚስማሩ ራስ ሾልኮ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከመሰቀሉ በፊት ጀርባውና ጠርዙ ጭምር ቀለም ይቀባ። ፒቪሲን ውሃ አይጎዳውም፤ ሙቀት ግን ይለጥጠዋል። አንዷ ሳንቲ ሜትር የተተወችው ለዚያ ነው። ክረምቱ ለሚበረታበት ደጋ ለታዛ ፒቪሲን እንመርጣለን፤ ችፑዱ ለውስጥ ክፍሎች ይሁን።